በወይራ ግንድ የመጣው እባብ፦ የኢቢዛ እንሽላሊት ታሪክ

በምዕራብ ሜዲትራኒያን፣ ከስፔን ጠረፍ ማዶ፣ ኢቢዛ የምትባል ደሴት አለች። ስሟ ሲነሳ ለብዙው ሰው የሚታወሰው የበጋ ሽርሽርና ሌሊቱን ሙሉ የሚዘልቅ ጭፈራ ነው። ከሰው ቀድሞ የያዛት ባለርስት ግን እንሽላሊት ነው። ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ጅራቱ ሥር ቢለካ ቢበዛ 8 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ጀርባው አረንጓዴ ሆኖ ጥቁርና ቡናማ መስመር የወረደበት፣ ጠዋት ጠዋት የድንጋይ ካብ ላይ ተለጥፎ ፀሐይ የሚሞቅ ፍጥረት ነው። የዚህ እንሽላሊት ዘር ባሕር ሲደርቅም ሲሞላም ኖሯል፤ ፊንቄዎችንና ሮማውያንን፣ ዐረቦችንና ካታላኖችን አሳልፏል። ሕልውናው አደጋ ላይ የወደቀው ግን ባለፉት 20 ዓመታት ነው። ሰበቡም ለግቢ ማስዋቢያ ተብሎ በመርከብ የተጫነ የወይራ ዛፍ ነው።

እንዴት እዚህ እንደተደረሰ ለማወቅ ታሪኩን ከሥሩ መከተል ያሻል። ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባሕሩ ሲደርቅ

ከ6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሜዲትራኒያንን ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ጋር የሚያገናኘው መተላለፊያ ተዘጋ። ሜዲትራኒያን ከወንዝና ከዝናብ ከሚያገኘው ውሃ ይልቅ በፀሐይ ትነት የሚያጣው ይበልጣል፤ የአትላንቲክ ውሃ ሲቀርበት እየጎደለ፣ ጨዉም ወደ ታች እየዘቀጠ ሄደ። ያን ጊዜ የተጋገረው ጨው፣ በአንዳንድ ቦታ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ውፍረት ኖሮት፣ ዛሬም ከባሕሩ ወለል ሥር ተቀብሮ ይገኛል። ውሃው ሲሸሽ መሬት ተገለጠ፤ በአህጉሩና በደሴቶቹ መካከል በእግር የሚያስኬድ መንገድ ተከፈተ። የእንሽላሊቶቹ ቅድመ አያቶችም ያኔ ተሻገሩ።

ከ5.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት የጅብራልታር በር ተበረገደና አትላንቲክ ተመልሶ ገባ። መንገዱ በውሃ ተዋጠ፤ ተሻግረው የነበሩት በያሉበት ቀሩ። በምሥራቅ በማዮርካ፣ በሜኖርካና በካብሬራ የቀሩት አንድ ዝርያ ሆኑ። በምዕራብ በኢቢዛና በፎርሜንቴራ የቀሩት ደግሞ ሌላ ዝርያ ሆኑ። እነዚህ ሁለት እህትማማች ዝርያዎች ከዚያ ወዲህ በየራሳቸው መንገድ ሄዱ። የአንደኛዋ ዕጣ ቀድሞ ደረሰ፤ የሁለተኛዋ ገና አሁን እየደረሰ ነው።

በኢቢዛ የነበረው ኑሮ በአህጉሩ ካለው ፈጽሞ የተለየ ነበር። ሰው ከመምጣቱ በፊት በነበሩት ረጅም ዘመናት በደሴቲቱ ላይ ቀበሮ፣ ድመት፣ አይጥ የሚባል ነገር አልነበረም። የሚበሩት ወፎችና የሌሊት ወፎች ሲቀሩ፣ አጥንት ካላቸው የምድር እንስሳት ጎልቶ የነበረው ይኸው እንሽላሊት ነው። ጠላቱ ከሰማይ የሚወርደው ጭልፊትና ጉጉት ነው፤ ከመሬት የሚመጣ ጠላት ብዙም አያውቅም። ስለዚህ ድፍረቱን አዳበረ፤ ከጉንዳን እስከ አበባ ማር፣ ከፍራፍሬ እስከ ቅጠል ያገኘውን ሁሉ መብላት ለመደ፤ በቁጥርም በዛ።

የመጨረሻው የበረዶ ዘመን አልፎ የባሕሩ ከፍታ ሲጨምር ደግሞ የደሴቲቱ ዳርቻ ተቆራረጠና በዙሪያዋ በርካታ ደቃቃ ደሴቶች ቀሩ። አንዳንዶቹ ከአንድ ቋጥኝ ብዙም አይበልጡም። በየቋጥኙ የቀሩት እንሽላሊቶች በየፊናቸው ተለወጡ፤ አንዱ ጋ ሰማያዊ፣ ሌላው ጋ ቡናማ፣ ሌላው ጋ ከሰል የመሰለ ጥቁር ሆኑ። ዛሬ የዚህ ዝርያ ንዑስ ዝርያዎች ከ20 በላይ ናቸው።

እባብ ያላየች ምድር

ሰው ወደ ማዮርካና ሜኖርካ የመጣው ከ4,000 ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። ያን ጊዜ በደሴቶቹ ላይ ማዮትራገስ የተባለ፣ ዓይኖቹ እንደ ሌላ ፍየል በጎንና በጎን ሳይሆን ወደ ፊት ያዩ የነበሩ ድንክ የፍየል ዘመድ ነበር፤ ሰው ከገባ በኋላ ብዙም አልቆየ፣ ጠፋ። እንሽላሊቷ ትንሽ ከረመች። ይሁንና ሰው ሆን ብሎም ሳያውቅም ድመትን፣ የፋደት ወገኖችንና እባቦችን አስከትሎ ነበር። ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ በሮማውያን ዘመን፣ የምሥራቋ እህት ከማዮርካና ከሜኖርካ ዋና ምድር ጨርሳ ጠፋች። በዋሻ ከተገኘው አጥንቷ በቀር ምልክት አልተወችም። የተረፈችው በካብሬራና አዳኞቹ ባልደረሱባቸው ትናንሽ ደሴቶች ላይ ብቻ ነው።

ኢቢዛ ግን ሌላ ዕድል ገጠማት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዘመን ፊንቄዎች መጥተው ከተማ ቆረቆሩ፤ ጨው አወጡ፤ ከሜዲትራኒያን ዳር እስከ ዳር ነገዱ። በኋላ በሳንቲማቸው ላይ ከግብፅ የመጣውን ቤስ የተባለ ድንክ አምላክ ቀረጹ፤ በአንድ እጁ መዶሻ፣ በሌላው እጁ እባብ ይዟል። ይህ አምላክ ከሚናደፍ ነገር ይጠብቃል ተብሎ ይታመን ነበር። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በመጀመሪያው መቶ ዘመን ሮማዊው ፕሊኒ በታላቁ የተፈጥሮ ታሪክ መጽሐፉ ስለ ኢቢዛ ሲጽፍ፣ አፈሯ እባብን ያባርራል የሚለውን ወሬ አሰፈረ።

አፈሩ የተለየ ኃይል አልነበረውም፤ የፕሊኒ ወሬ ግን ከእውነታው አልራቀም። በኢቢዛ እባብ አልነበረም። ከፕሊኒ በኋላም ዐረቦች ገቡ፤ በ1235 ካታላኖች ያዟት፤ የባሕር ወንበዴ መጣ፤ እባብ ግን አልሰፈረባትም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ የኢቢዛ እንሽላሊት ግን እባብም አላየ፣ ከልጥም አልበረየ። ለሺህ ዓመታት ያልፈራውን ነገር በአንድ ጊዜ መፍራት ሊጀምር አይችልም። ኋላ የመጣው ጥፋት ሥሩ እዚህ ላይ ነው።

ስም ሰጪዎቹ

19ኛው መቶ ዘመን አውሮፓውያን የዓለምን እንስሳት ሰብስበው ስም የሚያወጡበት ዘመን ነበር። ይህ ሥራቸው እኛንም ነክቷል። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ በምፅዋ ገብቶ የሰሜን ተራሮችንና ጎንደርን አይቶ ተመለሰ፤ ጭላዳንና ዋልያን ለሳይንስ ያስተዋወቀው እሱ ነው። በ1845 ደግሞ የደጋችንን እስስት መዝግቦ ስም አወጣለት። ይህ እስስት ኮልፌ ቀራኒዮን በመሰሉ የአዲስ አበባ ደጋማ ሰፈሮች፣ ቁጥቋጦ ባልጠፋበት ግቢ፣ ዛሬም አጥር ላይ ሲንፏቀቅ የሚታየው ነው።

የእኛ ደጋ ከኢቢዛ ጋር የሚዛመድበት መንገድ አለ። ደጋማው ምድር በቆላ ተከብቦ ለብቻው ቆሟል፤ ብርድ የለመደ ፍጥረት ሙቀቱን አቋርጦ ከአንዱ ተራራ ወደ ሌላው መሻገር ይቸግረዋል፤ የደሴት እንሽላሊት ባሕሩን መሻገር እንደሚሳነው ማለት ነው። በዚህም ምክንያት ባሌ ተራሮች ላይ ሌላ የትም የማይገኙ እስስቶች አሉ። በ1998 ከአፍንጫው ጥንድ ቀንድ የበቀለበት የባሌ እስስት ተመዘገበ፤ በ2021 ደግሞ ከሩፔል እስስት ወገን የሆነ አዲስ ዝርያ ከዚያው ከባሌ ተራሮች አካባቢ ይፋ ሆነ።

የሜዲትራኒያኖቹ እህትማማቾች ስም ያገኙት ከሩፔል እስስት በኋላ ነው። በ1874 በብሪቲሽ ሙዚየም የሚሠራው አልበርት ጉንተር፣ ከሜኖርካ አጠገብ ካለችው ከአይሬ ደሴት የመጣችውን ጥቁር እንሽላሊት አጥንቶ አዲስ ዝርያ ናት አለ፤ በወፍ አጥኚው በእንግሊዛዊው ባሮን በሎርድ ሊልፎርድ ስምም ሰየማት። በ1883 ስፔናዊው ኤድዋርዶ ቦስካ የኢቢዛዋን መዘገበ። በ20ኛው መቶ ዘመን ጀርመናዊው ማርቲን አይዘንትራውት ቋጥኝ ለቋጥኝ እየተዘዋወረ የየደሴቱን መልክ አጠና፤ ሥራውንም በ1949 አሳተመ።

በኢቢዛ ስም ሰጪዎቹ ሥራቸውን ከጀመሩ ብዙም ሳይቆይ በእኛ ዘንድ አንድ ታላቅ መጤ ገባ። በ1886 የተቆረቆረችው አዲስ አበባ በጥቂት ዓመት ውስጥ በዙሪያዋ ያለውን ጫካ ጨርሳ ማገዶ አጣች። በ1890ዎቹ፣ በአጼ ምኒልክ ዘመን፣ ከአውስትራሊያ ወገን የሆነው ባሕር ዛፍ መጣላት። ፈጥኖ አደገ፤ ከተማዋን ከመሰደድ አዳናት። ኮልፌ አጠና ተራ ብቻውን ምስክር ነው፤ ከእንጦጦና ከከተማዋ ዙሪያ የተቆረጠው አጠና በየመልኩ ተለይቶ፣ ለማገርም ለግንብ መወጣጫም የሚቆመው በየጥጉ ተደርድሮ ይሸጣል። ገበሬው ምንጩን አደረቀብኝ፣ ከሥሩ ሣር አያበቅልም ብሎ ቢያማውም ያለ እሱ ቤት የሠራ የለም። መጤ ሁሉ አጥፊ አይደለም። ባሕር ዛፍ ግን ዘሩ ተዘርቶ፣ ችግኙ ተተክሎ ነው የተስፋፋው፤ የኢቢዛው ወይራ አመጣጥ ሌላ ነው።

በ36 ዓመት የተማረው

ወደ ወይራው ከመሄዳችን በፊት አንድ ጥያቄ አለ። የደሴት እንሽላሊት መለወጥ የማይችል፣ ባለበት የደረቀ ፍጥረት ነውን?

የ1971ዱ ሙከራ ሌላ ነገር ይናገራል። በዚያ ዓመት ተመራማሪዎች ዛሬ የክሮኤሺያ በሆነው የአድሪያቲክ ባሕር ላይ፣ ፖድ ኮፒሽቴ ከምትባል ደሴት አምስት ጥንድ የጣሊያን እንሽላሊቶች ይዘው ጎረቤቷ ፖድ ምርቻሩ ላይ ለቀቁ። ከዚያ ዩጎዝላቪያ ፈረሰች፣ ጦርነት መጣ፣ የሚከታተላቸው ጠፋ። የአንቶኒ ሄረል ቡድን በ2000ዎቹ ሲመለስ የእነዚያ የ10ሩ ዘር ደሴቲቱን ሞልቷታል፤ ቀድሞ የነበረው ነባር ዝርያ ደግሞ ጠፍቷል። ውጤቱ በ2008 ታተመ። የልጅ ልጆቹ ጭንቅላት ገዝፏል፤ ንክሻቸው በርትቷል፤ አብዛኛው ምግባቸው ቅጠል ሆኗል፤ በአንጀታቸውም ውስጥ ቅጠሉን አዘግይቶ የሚያብላላ፣ ቀድሞ ያልነበራቸው ክዳን መሰል ክፍል በቅሏል። ይህ ሁሉ በ36 ዓመት የሆነ ነው።

በአይሬ ደሴት የታየው ደግሞ ከዚህም ያስገርማል። እዚያ የበሰበሰ ሥጋ የሚሸት አበባ አለ፤ ሽታው ዝንብ ይጠራል፣ መሐሉ ላይ የቆመው ዘንግም ራሱን ያሞቃል። የሊልፎርድ እንሽላሊቶች አበባው ላይ ወጥተው ይሞቁበታል፤ ሽታው የጠራውን ዝንብም እዚያው ይለቅማሉ። ኋላ ላይ አንዳንዶቹ ፍሬውን ፈልቅቀው ዘሩን መብላት ጀመሩ፤ ልማዱም በጥቂት ዓመታት ወደ ሌሎቹ ተዛመተ። በሆዳቸው ያለፈው ዘር የተሻለ ይበቅላልና አበባው በደሴቲቱ ላይ በረከተ። የሳላማንካ ዩኒቨርሲቲው ቫለንቲን ፔሬዝ ሜላዶና ባልደረቦቹ ይህን በቅርብ ተከታትለው ጽፈዋል። ተቃራኒው በሜኖርካ ይታያል፤ ዘሩን እንሽላሊት ብቻ የሚያዛምትለት አንድ የአገሩ ቁጥቋጦ እንሽላሊቷ በጠፋችበት ዋና ምድር ላይ መመናመኑን፣ ባለችበት ኮሎም ደሴት ግን መልካም መሆኑን ተመራማሪዎች አሳይተዋል። እንሽላሊቷ ስትሄድ ተክሉም ይከተላታል።

እንግዲህ እነዚህ ፍጥረታት ጊዜ ካገኙ ይማራሉ። ለኢቢዛው የተነፈገው ይህ ጊዜ ነው።

ግንዱ

ከ1960ዎቹ ወዲህ ኢቢዛ የቱሪስት አገር ሆነች። እንሽላሊቱም መለያዋ ሆነ፤ በካናቴራና በቁልፍ መያዣ ላይ እየተሣለ ይሸጥ ጀመር። በኮረብታዎቿ ላይ ቪላ በዛ፤ ለቪላው ግቢ ደግሞ ያማረ ዛፍ ተፈለገ። በዚሁ ጊዜ በስፔን ዋና ምድር ገበሬዎች ያረጁ የወይራ ማሳዎችን እየነቀሉ ፈጥነው በሚያፈሩ ይተኩ ነበር። መቶ ዓመት ያለፈው፣ ግንዱ የተጠማዘዘ ወይራ ለማገዶ ከመዋል ለግቢ ጌጥ ቢሸጥ ዋጋ ያወጣል። በየመኪናው ተጭኖ፣ ባሕር ተሻግሮ ኢቢዛ ገባ።

ወይራን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። የእኛ ወይራ፣ እንስራ የምናጥንበት፣ ከሜዲትራኒያኑ ወይራ ጋር አንድ ዝርያ ነው። ባረጀ ቁጥር ግንዱ ይቦረቦራል፤ በቅርፊቱ ስንጥቅና በሥሩ መሐል ጉድጓድ ይፈጠራል። በስፔን እባቦች ክረምቱን የሚያሳልፉት፣ እንቁላላቸውንም የሚጥሉት እዚህ ቀዳዳ ውስጥ ነው። ዛፉ የሚነቀለው ደግሞ እባቡ በብርድ ደንዝዞ በተኛበት ወራት ነው። ማንም ሳያየው ተነቀለ፤ ማንም ሳያየው ተጫነ፤ ማንም ሳያየው ደረሰ።

በ2003 የመጀመሪያዎቹ እባቦች በኢቢዛ ታዩ። ከመጡት ዝርያዎች መካከል የበረታው በጀርባው ላይ የፈረስ ኮቴ የመሰለ ቅርጽ የደረደረው፣ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ የሚረዝመው ፈጣን እባብ ነው። ለሰው መርዝ የለውም። ለእንሽላሊቱ ግን መርዝ አላስፈለገውም፤ ቀን ቀን ያድናል፣ ካቡ ውስጥ ይገባል፣ ዛፍ ይወጣል። የሚያድነው ደግሞ እሱን አይቶ የማያውቅና የማይሸሽ ነው። የተያዙ እባቦች ሆድ ሲመረመር ከግማሽ በላይ የሆነው ምግባቸው የደሴቲቱ እንሽላሊት ሆኖ ተገኘ። ምግብ ስለሞላላቸውም ከመጡበት አገር ዘመዶቻቸው ይበልጥ ገዘፉ።

መንግሥት ወጥመድ ማሰር ጀመረ። ወጥመዱ የእንጨት ሣጥን ነው፤ በአንደኛው ክፍል ቀለብ የተሰጣት አይጥ ተጠብቃ ትቀመጣለች፤ እባቡ በአይጧ ጠረን ተስቦ ወደ ውስጥ ብቻ በሚከፈት በር ይገባል፣ መውጣት አይሆንለትም። በየዓመቱ ብዙ እባብ ተያዘ፤ የተያዘው ግን ከሚፈለፈለው ጋር ሊመጣጠን አልቻለም። በ2018 እባቡ ከደሴቲቱ ግማሽ ያህሉን ይዞ ነበር፤ ባደረበት ሁሉ እንሽላሊቱ በጥቂት ዓመታት ከዓይን ይጠፋል። ጭንቀቱን ያባሰው ደግሞ እባቡ ዋናተኛ መሆኑ ነው። ባሕሩን እየዋኘ በዙሪያው ወዳሉት ቋጥኞች ሲሻገር ታየ፤ በአንድ ደቃቃ ደሴት የነበረው የእንሽላሊት ወገንም ተደመሰሰ። ፎርሜንቴራም በሌላ የእባብ ዝርያ ተወርራለች።

በሰኔ 2024 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የኢቢዛን እንሽላሊት ለአደጋ ከተቃረቡት ተርታ አውጥቶ ለመጥፋት አደጋ ከተጋለጡት ጎራ መደበው። ከ2010 ወዲህ ቁጥሩ በግማሽ ያህል ቀንሷል። በማዮርካ ብዙ መቶ ዓመት የፈጀው በኢቢዛ በአንድ ትውልድ ዕድሜ እየተፈጸመ ነው።

ደጃፍ ላይ

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ ቢሆን መልካም ነበር። እባቡ በኢቢዛ ሲስፋፋ፣ በ2011 እኛ አገር እንቦጭ የተባለው የውሃ አረም ጣና ሐይቅ ላይ ታየ። መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው፤ አበባው ሐምራዊ፣ ለዓይን የሚያምር። እየተስፋፋ ከሐይቁ ዳር ሰፊውን ሸፈነ፤ ታንኳ እንዳይሄድ፣ ዓሣ እንዳይጠመድ አደረገ። ከዚያ ወዲህ ገበሬው በእጁ እየነቀለ፣ መንግሥት ማሽን እያሰማራ ነው። በጣና ደሴቶች ላይ ያሉት ገዳማት ዘመን አሳልፈዋል፤ የሚከባቸው ውሃ ግን ተለውጧል። እንቦጭም እባብም የሚያስተምሩት አንድ ነገር ነው፤ መጤው ሲደርስ ማባረር የጥቂት ሰው የቀናት ሥራ ነው፤ ሥር ሲሰድ ግን የአገር በጀት ይጠይቃል፣ ያም ሆኖ ላይሳካ ይችላል።

በየክረምቱ ችግኝ ከአንዱ አካባቢ ወደ ሌላው በመኪና ይጋዛል፤ አረንጓዴ አሻራ የተባለው የችግኝ ተከላ ዘመቻ በ2019 ከተጀመረ ወዲህማ በብዛት። ከችግኙ ጋር የሚጓዘው አፈር ነው፤ በአፈሩ ውስጥ የአረም ዘር፣ የነፍሳት እንቁላል፣ የተክል በሽታ ሊኖር ይችላል። ጭነቱን ከመውረዱ በፊት ማየት፣ የሚቻለውን ችግኝ እዚያው በሚተከልበት ወረዳ ማፍላት፣ ከውጭ የሚመጣውን ተክል በድንበር ለይቶ ማቆየት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ኢቢዛዎች ዛሬ ተስፋቸውን የጣሉት እባቡን ከደሴቲቱ ጨርሶ በማስወጣት ላይ አይደለም፤ ያ ጊዜ ሳያልፍ አልቀረም። ዓላማቸው እባቡ ያልደረሰባቸውን ቋጥኞች መጠበቅና በዋናው ምድር ላይ እንሽላሊት የሚተርፍባቸውን ጥቂት ስፍራዎች በወጥመድ ማጠር ነው። ይህ ከተሳካ የምዕራቧ እህት ልክ እንደ ምሥራቋ በዳር ቋጥኞች ተወስና ትኖራለች። ዋናውን ቤቷን ግን አጥታለች፤ ያሳጣትም በወደብ ላይ ያልተፈተሸ ግንድ ነው።